ስቲኩ ጫፍ ላይ ያለችው ቆዳ

"የትኛውን ቲፕ ላስለጥፍ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ቲፕ የምንለው የፑል መምቻው እንጨት፣ የስቲኩ፣ ጫፍ ላይ የምትለጠፈውን ክብ ቆዳ ነው። አብዛኞቹ ፑል ቤት የማውቃቸው ልጆች ናቸው። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ስቲክ ልኮላቸዋል፣ ቲፑ አልቋል ወይ ተነቅሏል፣ ዘመድ ደግሞ "ሻንጣ እያዘጋጀሁ ነው፣ ምን ዓይነት ልያዝልህ?" ብሎ ይደውላል። እኔ መተዳደሪያዬ ሌላ ነው፤ ማታ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት ግን ስቲክ እጠግናለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የምሠራው። ለሁሉም አንድ በአንድ ከምመልስ እዚህ ጽፌ ላስቀምጠው አልኩ።

መልሴ አጭር ነው። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው፣ በደንብ የታመቀ ቆዳ ግዙ። በሥርዓት አስለጥፉት። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ አትቀያይሩት። ምክንያቱ ነው ረዘም የሚለው።

ብዙ ሰው ለስላሳ ቲፕ ይፈልጋል። ለስላሳው በስቲክ የምንመታትን ነጯን ኳስ ያዝ አድርጎ በደንብ ያሽከረክራታል ይባላል። እኛ ሰፈር ፑል ቤት የሚመጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ በከረንቡላ ያደጉ ሰው ናቸው፣ እጃቸው ዛሬም አይንቀጠቀጥም። ስቲካቸውን ሲሰጡኝ ሁሌ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ።

"አንተ ልጅ፣ ለስላሳውን አድርግልኝ። ነጯ መትታ ወደ ኋላ እንድትመለስልኝ።"

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በጠንካራውም ይመልሷታል።"

"እሱንስ እመልሳታለሁ" ይላሉ። "ግን ለስላሳው እጄ ላይ ይጥመኛል።"

ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። ለእጅ መጣም አንድ ነገር ነው፣ ኳስ ማሽከርከር ሌላ። ቲፑና ነጯ የሚነካኩት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ለስላሳው ትንሽ ይቆያል፣ ጠንካራው ትንሽ ያንሳል፤ ሁለቱም ግን ዓይን ከሚርገበገብበት ጊዜ እጅግ ያጠረ ነው። ነጯ ምን ያህል እንደምትሽከረከር የሚወስነው ከመሃሏ ምን ያህል ርቀን እንደመታናትና ስቲኩ በምን ፍጥነት እንደመጣ ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ፕሮፌሰር የነበረው ዴቪድ አልሲያቶሬ ይህን በፈጣን ካሜራ እየቀረጸ ለዓመታት ሲያሳይ ቆይቷል። እንዲያውም ጠንካራ ቲፕ የክንዳችንን ጉልበት ሳያባክን ወደ ኳሷ ያስተላልፋል። ለስላሳው ከፊሉን ራሱ ይውጠዋል።

ወሰንም አለው። የፑል ኳስ ከዳር እስከ ዳር 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከመሃሏ 14 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም የራዲየሷን ግማሽ ያህል፣ አልፎ የመታ ሰው ቲፑ ይንሸራተትበታል። ለስላሳም ሆነ ጠንካራ፣ ውድም ሆነ ርካሽ፣ እዚያ ላይ አንድ ናቸው። እስከዚያ ወሰን ድረስ ሳይንሸራተት የሚያደርሰን የቲፑ ክብነት፣ የላዩ ሻካራነትና እንዳይንሸራተት የምንቀባው ቾክ ነው። እነዚህን ሦስቱን የጠበቀ ሰው በማንኛውም ቲፕ ነጯን ይመልሳል።

ቆዳው ራሱ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ፍራንስዋ ሚንጎ የሚባል ፈረንሳዊ መቶ አለቃ በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ ሳለ ነው ስቲክ ጫፍ ላይ ቆዳ ማድረግን ያመጣው ይባላል። ከዚያ በፊት ባዶ እንጨት ነበር። ዛሬ የምንቀባው ዓይነት ቾክ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በ1897 የፈጠራ መብት ተመዝግቦለታል፤ ዊልያም ስፒንክስ የተባለ የቢሊያርድ ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የተባለ ኬሚስት አብረው ነው የሠሩት። ስሙ ቾክ ይባል እንጂ ሲሊካና ሌላ ሻካራ ማዕድን ያለበት ነገር ነው። ቆዳውን ያለ ቾክ፣ ቾኩንም ያለ ቆዳ ማሰብ አይቻልም።

አሁን "የታመቀ" ወዳልኩት ልመለስ። አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር፣ መርካቶ። ሶላ ሲሠራ ቆዳውን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ጠፈፍ ሲል ጭኑ ላይ ባስቀመጠው ብረት ላይ አጋድሞ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ድፍን ነው። መዶሻው ሲያርፍ ቆዳው ይውጠዋል። እየቆየ ድምፁ ይጠራል፣ መዶሻውም መንጠር ይጀምራል። ያን ጊዜ አባቴ ቆዳውን አንስቶ በጣቱ ጫን ያደርገውና "አሁን በቃው" ይላል። ያልተቀጠቀጠ ሶላ የለበሰ ሰው ሶላውን ራሱ በእግሩ ይቀጠቅጠዋል፤ ቆዳው ግን ያለ እኩልነት ነው የሚረገጠው፣ ተረከዙ ጋ ይሳሳል፣ በጎን ይወጣል።

ቲፕ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ምት መዶሻ ነው። አስቀድሞ ያልታመቀ ቆዳ ጨዋታ ላይ ይታመቃል። መሃሉ ይጠነክራል፣ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ቾክ አልይዝ ይላል፣ ዳሩ ደግሞ እንደ ጃንጥላ፣ ቲፑ ከሚለጠፍበት ከስቲኩ ነጭ ቀለበት ውጭ ይዘረጋል። ሰኞ የተጫወታችሁበትና ዓርብ የምትጫወቱበት ቲፕ አንድ አይሆንም። እጃችሁ የለመደው ነገር ከሥራችሁ እየሄደባችሁ ነው። ቲፕ ስትመርጡ ከምንም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ዛሬ የሆነውን ነገም የሚሆን ቆዳ።

አሜሪካ ያሉ ተጫዋቾች ኤልክ ማስተር የሚባለውን ሰማያዊ ለስላሳ ቲፕ ወተት ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩታል፣ ያደርቁታል፣ ከዚያ ሞርሳ ውስጥ አስገብተው አጥብቀው ይተዉታል። ሲወጣ ሌላ ቲፕ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ጠጣር፣ የማይዘረጋ። ሚልክ ደድ ይሉታል። ይህን ስሰማ አባቴ ነው ድቅን ያለብኝ። እኔም ከእሱ የተረፈ የሶላ ቆዳ በክብ መብሻ በስቼ፣ በውሃ ዘፍዝፌ፣ ሞርሳ ውስጥ አጥብቄ ሞክሬዋለሁ። ለፑል ቤት ስቲክ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። የእኛ አገር የበግ ሌጦ ስስና ጠንካራ ስለሆነ በዓለም ላይ ለጓንት፣ በተለይም ለጎልፍ ጓንት፣ ይፈለጋል። ለቲፕ ያ ይሳሳል። የበሬያችን የጀርባ ቆዳ ግን ሶላ ከሆነ ቲፕ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን ሥራ የሚጀምር ወጣት ባገኝ የማውቀውን ሁሉ በነፃ አሳየዋለሁ።

ገበያ ላይ ያለው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከአንድ ወጥ ቆዳ የተቆረጠ ነው። ኤልክ ማስተርና ትራያንግል እዚህ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም የአሜሪካው ትዊተን ኩባንያ ሥራዎች ናቸው። ትራያንግል ጠንከር ይላል። ዋጋቸው በሳጥን ሲገዛ ለአንዱ አንድ ዶላር ቢሆን ነው። ችግራቸው ከአንዱ ሳጥን የወጡት እንኳ እኩል አለመሆናቸው ነው። እኔ ጠረጴዛ መስታወት ላይ ከተመሳሳይ ከፍታ አንድ በአንድ እጥላቸዋለሁ። ጠንካራው ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ለስላሳው ደብ ይላል። በጆሮ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ከአባቴ መዶሻ የተረፈኝ ጆሮ ነው።

ሁለተኛው ተደራራቢው ነው። ስስ ቆዳዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቀውና ተጨምቀው የሚሠሩ፣ እንደ ጃፓኖቹ ሞሪና ካሙይ ያሉ። ሃያ ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ከሳጥን ሳይሆን አንድ አንድ ነው የሚገዙት፤ አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም፣ ጎናቸውም ቶሎ አይዘረጋም። የራሱ ስቲክ ያለውና በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚጫወት ሰው መካከለኛውን ቢገዛ ገንዘቡ አልባከነም እላለሁ። በወር አንዴ ለሚጫወት ግን ትራያንግል ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። እነዚህ ተደራራቢ ቲፖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከአሳማ ቆዳ ነው። የአሳማ ፀጉር ሥሩ ቆዳውን ከላይ እስከ ታች በስቶ ስለሚገባ፣ ቆዳው ሲለፋ ቀዳዳው ይቀራል፤ አየር ያሳልፋል፣ ለስስነቱም ጠንካራ ነው። የሚመረጠው በጥራቱ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ከአሳማ የሚርቅ ሰው ብዙ ነው። የቲፑን ጎን በምራቅ አርሶ ማሸት ደግሞ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ከማስለጠፌ በፊት ምን እንደሆነ እነግራለሁ። አንድ ጓደኛዬ ከውጭ የመጣለትን ውድ ቲፕ "ይቅርብኝ፣ በላም ቆዳው አድርግልኝ" ብሎ መልሶልኛል። ከላምና ከጎሽ ቆዳ የሚሠሩ ጥሩ ቲፖችም አሉ፤ ዘመዳችሁን ስታስገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቦ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ሌላ ሰው የሚጠግን ካለም ይህን እንዳይደብቅ እለምናለሁ። ሰው የሚነካውን ማወቅ አለበት።

ልክን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። የፑል ስቲክ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው፣ የስኑከር ደግሞ 10 አካባቢና ከዚያ በታች። ነጩን ቀለበት ለኩና እኩል ወይም ትንሽ ሰፋ ያለ ግዙ። ትርፉ ይቆረጣል። የጠበበ ግን አይሆንም። ክብነቱን አሜሪካኖች በሳንቲም ነው የሚለኩት፤ የነሱ የአምስት ሳንቲም ዳር ከእኛ ሃያ አምስት ሳንቲም ጋር ተቀራራቢ ነው። ሳንቲሙን በጎን ቲፑ ላይ አስጠግታችሁ እዩ፤ ቅስቱ ከገጠመ ጥሩ ነው። ጠፍጣፋ ቲፕ ዳሩ ነው ኳሷን የሚነካው፣ ያ ነው የሚያንሸራትተው።

ማስለጠፉ ላይ ግን መቸኮል አይገባም። የሃያ ዶላር ቲፕ በክፉ ከተለጠፈ የአንድ ዶላሩ ይበልጠዋል። አሮጌውን በምላጭ ቆርጬ አነሳለሁ። የቀረውን ሙጫ ቀለበቱ ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ እፍቃለሁ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግቼ የአዲሱን ቲፕ ጀርባ በክብ በክብ አሻለሁ። ጀርባው አብለጭላጭ ከሆነ ሙጫ አይገባበትም። ሁለቱን ሙጫ ሳልቀባ ገጥሜ ወደ መብራት አነሳቸዋለሁ። በመሃላቸው የብርሃን ክር ካየሁ እንደገና ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ። ብርሃኑ ሲጠፋ ነው ሱፐር ግሉውን የማነሳው። አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ማስቲሽ የሚጠቀሙ አሉ፤ ማስቲሽ ለጫማ ነው፣ ሲደርቅም ለስለስ እንዳለ ስለሚቀር ቲፑ ከጎን ሲመታ ይንሸራተታል።

ከደረቀ በኋላ ስቲኩን ገልብጬ ቲፑን ጣውላ ላይ አቆመዋለሁና ትርፉን ቀለበቱን ተከትዬ በአዲስ ምላጭ እቆርጣለሁ። ቀለበቱ እንዳይጫር ፕላስተር እጠመጥምበታለሁ። ተደራራቢ ከሆነ ትንሽ ትንሽ ነው የሚላጨው፤ አንዴ ቢጎተት ንብርብሩ ይላቀቃል። በመጨረሻ ጎኑን በውሃ አርሼ በቁራጭ ቆዳ አሻለሁ፣ ጠቆር ብሎ እስኪያብረቀርቅ። ጎኑ ሲጠነክር አይዘረጋም። ላዩ ግን ሻካራ ሆኖ ነው መቅረት ያለበት። ሲያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ ማድረግ ነው፣ መፋቅ አይደለም፤ የተፋቀ አይመለስም። ጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ሲቀረው ቀይሩት፤ ከዚያ በታች ምቱ ቆዳውን አልፎ ቀለበቱን መሰንጠቅ ይጀምራል።

ለፑል ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር አለኝ። ጠረጴዛው አዲስ ጨርቅ ለብሶ፣ መብራቱ ተስተካክሎ፣ ስቲኮቹ ግን ቲፕ የሌላቸው ቤቶች አሉ። ልጆቹ ባዶውን ቀለበት ይዘው ይመታሉ፣ ነጯ ትዘላለች፣ ጨርቁም ይቀደዳል። አንድ ሳጥን ኤልክ ማስተር ሃምሳ ፍሬ ይዟል። ጨርቅ ከማስለወጥ ጋር ሲተያይ ዋጋው ኢምንት ነው። ሳጥኑን አስመጡ፤ ማስለጠፉን እኔ ሰፈራችን ላለው ቤት ሳይከፈለኝ እየሠራሁ ነው፣ መማር የሚፈልግ ሠራተኛ ካላችሁም ቅዳሜ ከሰዓት ላኩልኝ።