ሃያ ጊዜ «እኔ ማን ነኝ?»

ማንፎርድ ኩን እና ቶማስ ማክፓርትላንድ የተባሉ አሜሪካውያን የሶሲዮሎጂ ምሁራን በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ፈተና ሲያዩት ቀላል ነው። 20 ባዶ መስመር፣ አንድ ጥያቄ፣ 12 ደቂቃ። «እኔ ማን ነኝ?»

መጀመሪያ አበላሸሁት። ከመጻፌ በፊት ታላቅ እህቴን «እኔን እንዴት ታይኛለሽ?» ብዬ ስለጠየቅኳት፣ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሁሉ የእሷ ቃል ሆነ። ቀድጄ ጣልኩትና ሳምንት ቆየሁ።

በሁለተኛው ሙከራ እናት፣ መምህርት፣ እህት፣ ጎረቤት እያልኩ እስከ ሰባተኛው ወረድኩ። ስምንተኛው ላይ ብዕሬ ቆመ። ሁለቱ ምሁራንም ይህንኑ አስተውለዋል፤ ሰው ማንም የሚያውቀውን ማኅበራዊ ቦታውን አስቀድሞ ይጨርስና እንደ «ደስተኛ» ያለውን፣ ማብራሪያ የሚሻውን በኋላ ያስከትላል። እኔም በስንት ጭንቅ አሥራ አንደኛው ላይ «ቁጡ ነኝ» አልኩ።

«ቁጡ» ያለኝ ማን ነው? ከየመስመሩ ጎን ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከማን እንደሆነ ጻፍኩ። ከ«ቁጡ» አጠገብ የእህቴ ስም ገባ። ደውዬ ብጠይቃት ሳቀች፤ ማለቷን ፈጽሞ አታስታውስም። ለዓመታት የተሸከምኩትን ቃል እሷ የጣለችው ሳታውቀው ነው። ሌላው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ቻርልስ ሆርተን ኩሊ በ1902 እ.ኤ.አ. የጻፈው ያኔ ገባኝ፦ ሰው ለሌላው እንዴት እንደሚታይ ይገምታል፣ ያ ሌላው ምን እንደሚፈርድበት ይገምታል፣ ከዚያ ይኮራል ወይም ያፍራል። ሁለቱም ግምት! ስፈራ የኖርኩት የእህቴን ፍርድ ሳይሆን ፍርዷ የመሰለኝን ነበር።

ቀጥሎ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ከሰው የመጣውን ብሰርዝ እውነተኛዋ እኔ ትቀራለች ብዬ ጀመርኩ። ሃያውም ተሰረዙ። «እናት» እንኳን የሚጠራኝ ልጅ ባይኖር ከየት ይመጣል? አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆርጅ ኸርበርት ሚድ ይህን ቢያይ የሚገርመው አይመስለኝም፤ ለእሱ ማንነት ራስን በሌላው ዓይን ከማየት የሚወለድ እንጂ ውስጥ ተቀብሮ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ደግሞስ ብዕሩን እየተጫነች የምትሰርዘው ማን ነበረች? ሚድ ከሌሎች የተቀበልነውን «እኔን» እና ለዚያ ምላሽ የሚሰጠውን «እኔ» ለይቶ ያያል። ሁለተኛዋን ያገኘኋት ስትሰርዝ ነው፤ ያውም ተቆጥታ።

ከወር በኋላ ደገምኩት። «ቁጡ» አልመጣም። አራተኛው መስመር ላይ ግን ከዚያ በፊት ጽፌው የማላውቀው ቃል ተቀምጧል፦ «ጠያቂ ነኝ»። እህቴ ያን ቀን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «አንቺ ደግሞ ጥያቄሽ አያልቅም!» ብላኝ ነበር።