ከአፕግሬድ በኋላ ያስቸገረኝን ዋይፋይ እንዴት እንዳስተካከልኩት

የላፕቶፔን ሊኑክስ ወደ አዲሱ ቨርዥን አፕግሬድ አደረግኩት። በሰላም አለቀ። ድምፁም፣ ስክሪኑም፣ ፋይሎቼም ቦታቸው ላይ ናቸው። ዋይፋዩ ብቻ ጸባዩ ተቀየረ። ጨርሶ ቢጠፋ እኮ ግልግል ነበር፣ የጠፋ ነገር ይፈለጋል። የእኔው ግን አለ ሲሉት የለም፣ የለም ሲሉት አለ።

ምልክቱ ሙሉ ነው። «ተገናኝቷል» ይላል። ገጽ ስከፍት ግን ያቺ ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ ድንገት ሁሉም ነገር በአንዴ ዱብ ይላል። ቪዲዮ ስብሰባ ላይ የሰዎቹ ፊት አፋቸውን እንደከፈቱ ይደርቃል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሹን ይቆረጥና ትንሽ ቆይቶ ራሱ ተመልሶ ይገባል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም ምክር አይጠፋም። ራውተሩን አጥፍተህ አብራ፣ ኔትወርኩን «ፎርጌት» አድርገህ እንደገና ግባ፣ ሲስተሙን ከዜሮ ጫን፣ የዩኤስቢ ዋይፋይ ግዛና ተገላገል። ሁሉም አንዳንዴ ይሠራሉ። ግን መጥቶ የሚሄድ ችግር አንድ ክፉ ባሕርይ አለው፤ በራሱ ጊዜ ስለሚተው፣ መጨረሻ ላይ የነካችሁት ነገር ሁሌም መድኃኒት ሆኖ ይታያችኋል። ስለዚህ ምንም ሳልነካ መጀመሪያ የት ጋ እንደሚቆም ማወቅ ፈለግኩ።

ለዚህ ከፒንግ የተሻለ ነገር የለም፤ ወደ አንድ አድራሻ አጭር መልእክት እየላከ መልሱ በስንት ሚሊሰከንድ እንደደረሰ የሚናገር ትእዛዝ ነው። ሦስት ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ጎን ለጎን ከፈትኩ። አንዱ ራውተሩን ፒንግ ያደርጋል፤ የእኔ 192.168.1.1 ነው፣ የእናንተን «አይፒ ራውት» ብላችሁ «ዲፎልት» ከሚለው መስመር ላይ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ውጭ ያለ አድራሻ፣ 8.8.8.8ን። ሦስተኛው አንድ ድረ ገጽ በስሙ። ነገሩ ቀላል ነው። ሦስተኛው ብቻ ከቆመ ችግሩ ስም ፍለጋው ላይ ነው፣ ማለትም ዲኤንኤስ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቆመው የመጀመሪያው ከሄደ ላፕቶፓችሁ ምንም አላጠፋም፣ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ሦስቱም አብረው ከቆሙ ግን በላፕቶፑና በራውተሩ መካከል ያለው አየር ላይ ነው ነገሩ።

የእኔ ሦስቱም አብረው ቆሙ። ይህቺ አንዷ ውጤት ብቻ ግማሹን ምክር ወደ ጎን አስቀመጠችልኝ።

ከዚያ የራውተሩን ፒንግ ቁጥሮች ቁጭ ብዬ አየሁ። ደህና ሲሆን 3፣ 4፣ 3 ሚሊሰከንድ ይላል። ሲቆም ዝም። ሲመለስ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ይጥላል፦ 4120፣ 3098፣ 2075፣ 1051፣ 28፣ 4። ቁጥሮቹ በየአንድ ሺው ነው የሚወርዱት። ፒንግ በየሰከንዱ አንድ ይልካል፤ የመጀመሪያው አራት ሰከንድ ጠበቀ፣ ቀጣዩ ሦስት፣ ቀጣዩ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ደረሱ። ማለትም መልእክቶቹ አልጠፉም። አንድ ቦታ ተይዘው ነበር። ሲግናል ደክሞ ወይም አየሩ በሌሎች ኔትወርኮች ተጨናንቆ ቢሆን ኖሮ ከመካከላቸው የሚቀሩ ይኖሩ ነበር፣ እንዲህ ተሰልፈው አይመጡም።

ሲግናሉንም ለማረጋገጥ ያህል አየሁት። ከአሉታዊ 50ዎቹ ዲቢኤም አይወርድም። ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል፣ ከአሉታዊ 70 በታች ሲወርድ ነው ማሰብ የሚያስፈልገው። ስለዚህ ርቀት አይደለም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ለማንም እመክራለሁ፣ ምክንያቱም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አፕግሬድ ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ከርነል (ድራይቨሮቹን የያዘው የሲስተሙ እምብርት) አይጠፋም፣ እዚያው ይቀመጣል። ላፕቶፑ ሲነሳ የግረብ ሜኑ ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ጋ ገብቶ መምረጥ ነው። በአሮጌው ከርነል ተነሳሁ፣ ፒንጉን ለቀቅኩትና ሌላ ሥራዬን ያዝኩ። ተመልሼ ሳየው 3፣ 4፣ 3፣ 4። አንድም የቆመ የለም። ያው ላፕቶፕ፣ ያው ራውተር፣ ያው ጠረጴዛ። አንቴናው አልተበላሸም ማለት ነው፣ አዲስ ካርድ መግዛትም አያስፈልግም። የተለወጠው ከካርዱ ጋር የሚነጋገረው ድራይቨር ነው። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ይህንኑ በሌላ መንገድ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ሞክሩ። ቁልፉ ከደበዘዘ የሚመለስበት አሮጌ ድራይቨር አልተቀመጠም።

አሮጌው ከርነል ላይ መኖር ግን መፍትሔ አይደለም፣ የደህንነት ማስተካከያ ይቀርባችኋል። ወደ አዲሱ ተመለስኩና ሎጉን፣ ማለትም ሲስተሙ የሆነውን ከነሰዓቱ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፈትኩ። ፒንጉ የቆመባቸውን ሰዓቶች ጽፌ ይዣለሁ። በእነዚያ ሰዓቶች ሎጉ ላይ ምን አለ? ምንም። ተቆረጠ አይል፣ ስህተት አይል፣ ጭጭ። መጀመሪያ ያናድዳል፣ ግን ጭጭ ማለቱ ራሱ ወሬ ነው። ግንኙነቱ በካርዱ ዓይን ተቆርጦ አያውቅም። ካርዱ ተኝቶ ነበር።

የዋይፋይ ካርድ ባትሪ ለመቆጠብ በእርግጥም ይተኛል። ራውተሩ በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ «እዚህ ነኝ» የሚል አጭር ምልክት ይለቃል፣ ምልክቱ ላይም ለተኛው ካርድ የተቀመጠ መልእክት እንዳለ ይነግራል። ካርዱ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነቅቶ ይሰማል፣ መልእክት ካለው ይጠይቃል፣ ከሌለው ተመልሶ ይተኛል። ይህ በትክክል ሲሠራ ማንም አያስተውለውም። ድራይቨሩ የመንቂያውን ሰዓት ካሳተው ግን መልእክቱ ራውተሩ ጋ ይከማቻል፣ ካርዱ ሲነቃ ሁሉም በአንዴ ይጎርፋል። እነዚያ በየሺው የሚወርዱ ቁጥሮች ማለት ነው።

«አይደብሊው» በሚባለው ትእዛዝ ፓወር ሴቭ (ይህ ባትሪ ቆጣቢ እንቅልፍ) ምን ላይ እንዳለ ጠየቅኩ፣ «ኦን» አለኝ። በዚሁ ትእዛዝ አጠፋሁት። ይህ ጊዜያዊ ነው፣ ሪስታርት ሲደረግ ይረሳል፣ ስለዚህ ለመሞከር አያስፈራም። ፒንጉ ወዲያው ቀጥ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ያቆማል፤ እኔ ግን መልሼ አበራሁት። መቆሙ ተመለሰ። አጠፋሁት፣ ለቀቀ። ሆን ብላችሁ ችግሩን መልሳችሁ ማምጣት ካልቻላችሁ ፈታሁት አትበሉ፣ ምናልባት ራሱ ሄዶ ይሆናል።

ቋሚ ለማድረግ ግንኙነቱን የሚመራው ኔትወርክ ማናጀር የሚያነብበት፣ «ኮንፍ ዲ» የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ የዋይፋይ ፓወርሴቭ ዋጋ 3 ከሆነ በርቷል፣ 2 ከሆነ ጠፍቷል ማለት ነው። ከሲስተሙ ጋር የመጣውን ፋይል አትነካኩት። የራሳችሁን ሌላ ፋይል ፍጠሩና 2 ብላችሁ ጻፉ፣ ስሙ በፊደል ተራ ከዚያኛው በኋላ የሚመጣ ይሁን፤ ኋላ የተነበበው ነው የሚጸናው። ባትሪ ትንሽ ይበላል። ስብሰባ ላይ ከመድረቅ ግን በስንት ጣዕሙ።

አለቀ ብዬ ነበር። መንቀራፈፉ በእርግጥ ጠፋ፣ ጭራሹን መቆረጡ ግን አልፎ አልፎ ይመጣል። ይኼኔ «ማስተካከያው አልሠራም» ብሎ ሁሉንም መቀልበስ ይቀላል። ግን ምልክቱ ሌላ ነው። አሁን መልእክቶቹ ተሰልፈው አይመጡም፣ ይጠፋሉ። ሎጉም ዝም አላለም፤ ራውተሩ እንደለቀቀውና ላፕቶፑ ሌላ መግቢያ እየፈለገ እንደሆነ በሰዓቱ ጽፏል። ስለዚህ ሌላ ችግር ነው፣ በአንድ ስም የሚጠራ ሁለተኛ ችግር።

እስከዚያ «ስልኬ እኮ ደህና ነው» እያልኩ ላፕቶፑን ነበር የምጠረጥረው። የስልክ ምስክርነት ግን አይታመንም። ዋይፋዩ ሲቆረጥ ሳይነግራችሁ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ ገጹ ይከፈታል፣ እናንተም ሁሉ ሰላም ይመስላችኋል። የሞባይል ዳታውን አጠፋሁትና ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ላፕቶፑ ሲወድቅ ስልኩም አብሮ ወደቀ። የራውተሩን ሎግ ከፈትኩ፤ በዚያው ደቂቃ «ራዳር ተገኝቷል፣ ቻናል ተቀይሯል» ይላል።

5 ጊጋኸርዝ ላይ ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳሮች ጋር የጋራ ናቸው፣ የአየር ሁኔታ ራዳርን ጨምሮ። ራውተሩ ራዳር የሰማ ከመሰለው ቻናሉን ወዲያው መልቀቅ አለበት፤ ከእነዚያው አንዱ ላይ እንደገና ለመጀመር ደግሞ ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይጠበቅበታል። የእኔ ራውተር ቻናል ምርጫው «ኦቶ» ላይ ነበር፣ 100ን መርጦ ነበር። 36 ላይ አሰርኩት። ከ36 እስከ 48 ያሉት ይህ ጣጣ የለባቸውም። መቆረጡ ቆመ።

የሚገርመው፣ ሊኑክስ የቀድሞ ሎጎችንም ስለሚያስቀምጥ ከአፕግሬዱ በፊት የነበሩትን ገልብጬ አየሁ። ያው መቆረጥ፣ ያው መልእክት። ድሮም ነበር። ልብ ያልኩት አፕግሬዱ ዓይኔን ከከፈተልኝ በኋላ ነው፣ እሱም ባልዋለበት ተከሰሰ። ግማሹን ክስ፣ ሌላው ግማሽ እንኳን ይገባዋል።

አሁን ከትልቅ አፕግሬድ በፊት የራውተሩን ፒንግ ለጥቂት ደቂቃ ለቅቄ ውጤቱን አስቀምጣለሁ፣ የከርነሉን፣ የድራይቨሩንና የፈርምዌሩን (ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር) ቨርዥንም እጽፋለሁ። አዲሱ መሥራቱን እስካረጋግጥ «ኦቶሪሙቭ» አልልም፣ አሮጌውን ከርነል የሚጠርገው እሱ ነውና። ስልክን በዩኤስቢ አገናኝቶ ዳታ የሚያሳልፍ ኬብልም እጄ ላይ ይኖራል። ዋይፋዩን የሚያስተካክለውን ፈርምዌር ያለ ዋይፋይ ማውረድ ሲያምራችሁ ይገባችኋል።

የከርነል ዝማኔ ሲመጣ ያቺን የፓወርሴቭ ፋይሌን አንስቼ ፒንጉን እለቅቃለሁ። ባለፈው ሳደርገው 3፣ 4፣ 3 ሲል ቆየና 2090፣ 1066፣ 41 አለ። ፋይሉን መለስኩት።