ሁለት ባስ ዘርግቼ የሚሠራው ግን አንዱ ብቻ ነበር

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ኤስ7-400ኤች ፒኤልሲን (ማሽኖቹን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር) ከ9 ኢቲ 200ኤም ጣቢያዎች (ፓምፕና ቫልቭ የሚገናኙባቸው ሳጥኖች) ጋር በሁለት ፕሮፊባስ፣ ማለትም በሁለት የመረጃ ኬብል መስመሮች አገናኘሁ፤ አንዱ ቢቋረጥ ሌላው እንዲተካው። እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ጣቢያውን ከባሱ ጋር የሚያገናኝ ሁለት አይኤም 153-2 ሞጁል አለ፤ ግራው ለአንደኛው ባስ፣ ቀኙ ለሁለተኛው።

ኬብል መዘርጋቱ አያስቸግርም። አረንጓዴው ሽቦ ኤ ላይ፣ ቀዩ ቢ ላይ ይታሰራል። ሁለቱን ባስ ግን በአንድ ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) አታሳልፉ፤ አንዱን የበጠሰ ሌላውንም ይበጥሰዋል። እኔ አንዱን በጣሪያ፣ አንዱን በወለል ቦይ ወሰድኩ። መመሪያው በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ፍጥነት እስከ 200 ሜትር ይፈቅዳል። የእኔ 160 ሜትር ቢሆንም 500 ኪሎቢት ላይ አድርጌዋለሁ፤ ለፓምፕና ለቫልቭ ይበቃል።

ጥፋቱ የተሠራው ተርሚኔሽን ላይ፣ ማለትም ሲግናሉ ከኬብሉ ጫፍ ተንጸባርቆ እንዳይመለስ በሚያደርጉት ሬዚስተሮች ላይ ነው። የኮኔክተሩ ስዊች «ኦን» መሆን ያለበት በኬብሉ ሁለት ጫፎች ብቻ ነው። መሐል ላይ ኦን ከሆነ ከዚያ ወዲያ ያለውን ኬብል ይቆርጠዋል። ሁለተኛውን ባስ በግማሽ ለመለካት 5ኛው ጣቢያ ላይ ኦን አደረግኩ፤ ኮኔክተሮቹ ከሞጁሉ ተነቅለው በኤና በቢ መካከል 110 ኦም ገደማ አነበብኩ፣ ትክክል ነው። ስዊቹን ሳልመልስ ፓኔሉን ዘጋሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ፋብሪካው ሠራ። አንደኛው ባስ ሁሉንም ተሸክሞ ነበር። ከ6 እስከ 9 ባሉት ጣቢያዎች በቀኙ ሞጁል ላይ ቢኤፍ (የባስ ብልሽት መብራት) ቀይ በርቷል፣ በፒኤልሲው ሲፒዩ ላይም ሬድኤፍ (መጠባበቂያ መንገድ መጥፋቱን የሚያሳይ መብራት)። ፓኔሉ የተቆለፈ ስለሆነ ማንም አላየም። የርክክብ ቅጹም የሚጠይቀው «ይሠራል ወይ?» ብቻ ነው። አንደኛውን ባስ ለጥገና ስንፈታ አራቱም ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ወደቁ፤ መስመሩ ቆመ።

አሁን ኦቢ 70ን (አንዱ መንገድ ሲጠፋ ፒኤልሲው የሚጠራውን የፕሮግራም ክፍል) ሳልጭን ሥራ አላስረክብም፤ በእሱ በኩል በኦፕሬተሩ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ሌላው፣ ኮኔክተር ውስጥ ያለው ተርሚኔሽን 5 ቮልቱን የሚያገኘው ከተሰካበት መሣሪያ ነው። የመጨረሻው ጣቢያ ብሬከር ከወረደ ተርሚኔሽኑም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጫፎቹ ላይ የራሱ 24 ቮልት ያለው ተርሚኔተር ለየብቻ አስገባለሁ፤ ወጪው ይበዛል ቢሉኝም አልቀበልም።

ከዚያ አንደኛውን ባስ ከማስተሩ (ከፒኤልሲው) ላይ ነቅዬ 9ኙን ጣቢያዎች እየዞርኩ አያለሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ጣቢያውን አሁን የሚያሠራው ሞጁል የትኛው እንደሆነ የምታሳየው የአክት መብራት ከግራው ሞጁል ወደ ቀኙ፣ ከቀኙም ወደ ግራው ስትሻገር በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም።