ለማን ነው የሳልሽው?

ወዳጆቼ፣ ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ! እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አደረሳችሁ!

ከጳጉሜ 3 ጀምሮ ስልኬ በአደይ አበባ ተሞልቷል። ቴሌግራሙም ፌስቡኩም ቢጫ ነው። መልካም ምኞት ለላካችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። እኔም አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ልጆች ሳለን እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር፣ የእንቁጣጣሽ ሥዕል የሚጀመረው ፍልሰታ ሲፈታ ነበር። ከደብተር መሃል ሉክ ይገነጠላል። አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጊዮርጊስ እንስላለን። ሥዕል የማይሆንለት ልጅ የጎበዙን ሥራ መስኮት ላይ ይለጥፍና ወረቀት ደርቦ ይገለብጣል። ከለር ያለው ልጅ በዚያ ሰሞን ይከበራል። ቢጫው ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል። ሲያልቅብን አበባ ለቅመን ወረቀቱ ላይ እናሸው ነበር።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ እኛ ሥዕላችንን ይዘን ከበር በር እንዞራለን። አንዲት ጎረቤታችን ሥዕሉን በሁለት እጃቸው ነበር የሚቀበሉት። መነጽራቸውን ፈልገው በደንብ ያዩታል። "ይሄ ክንፉ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። "እደግ ተመንደግ" ብለው ይመርቁና ሳንቲም ይሰጡናል። ከዚያ ቡፌው መስታወት ላይ ይሰኩታል። የአምናው እዚያው ጎኑ አለ። እጄ መሻሻሉን የማውቀው እሳቸው ቤት ነበር።

ይህን ልማድ ስልክ ነው ያጠፋው ብዬ ለብዙ ጊዜ አምኛለሁ። ባለፈው ሳምንት የ9 ዓመቷን የእህቴን ልጅ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ ዩቲዩብ እያየች ስትስል አገኘኋት። መስመሯ እኔ በእሷ ዕድሜ ከምስለው በጣም ይበልጣል።

"ለማን ነው የሳልሽው?" አልኳት።

"ለማንም። እማዬ ፎቶ አንስታ ፖስት ታደርገዋለች።"

"ወረቀቱስ?"

ትከሻዋን ነቀነቀች። አንጀቴን በላችው።

እጇ አልሰነፈም። የሚቀበላት በር ነው የጠፋው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም። ሥዕል ይዞ የመጣን ልጅ "ሳንቲም ፈላጊ" ብለን የምንመልስም አለን። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ከተማችን እኮ ሁለት ዘመን መለወጫ አላት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምበላላ የሚውልበትን ቀን ዛሬም አያንቶዎች፣ ማለትም ሰማይ የሚያነቡ የሲዳማ አዋቂዎች፣ ከዋክብትን አይተው ነው የሚለዩት። ሁላችንም ካላንደር በኪሳችን ይዘን እየዞርን! በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ያ ዕውቀት እስከ ዛሬ የቆየው ግን አያንቶዎቹ የሚሉትን የሚጠብቅ ሕዝብ ስላለ ይመስለኛል። ሥዕልም ጠባቂ ይፈልጋል። እባካችሁ ዛሬ ልጅ በራችሁን ቢያንኳኳ ክፈቱለት። ሥዕሉንም ጊዜ ወስዳችሁ እዩለት።

ትናንት ማታ ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብለን 6 ሥዕል ሳልን። ዛሬ ጠዋት ደረጃውን ወጥተን፣ ሰላም ብያቸው የማላውቃቸውን አዛውንት በር አንኳኳን። በሩን ገርበብ አድርገው አዩን። ልጅቷ ወረቀቱን ዘረጋች።

"ቆይ፣ ቆይ የኔ ልጅ፣ መነጽሬን ላምጣ" ብለው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ተመለሱ።