ስቶክሆልም በተራ ትኬት

ስቶክሆልም ከሄዳችሁ መጀመሪያ የምትገዙት ትኬት የሙዚየም አይሁን። ነዋሪው ሥራ ውሎ የሚገባበትን ተራውን የኤስኤል (የከተማው የሕዝብ ትራንስፖርት ድርጅት) ትኬት ግዙ። ለ75 ደቂቃ ያገለግላል፤ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በአውቶቡሱ፣ በትራሙ፣ ወደ ከተማው ዳርቻ በሚሄደው ባቡር፣ በፔንደልቶግ፣ አንዳንድ ጀልባዎች ላይ ሳይቀር። የባንክ ካርድ ካላችሁ በሩ ላይ ማስነካት ነው፣ አለቀ። እኔ ከተማዋን ያወቅኳት በዚህ ነው።

ስቶክሆልም የተቆረቆረችው 14 ደሴቶች ላይ ነው። በምዕራብ ሜላረን የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ፣ በምሥራቅ ደግሞ የባልቲክ ባሕር። የሚገናኙት መሀል ከተማ፣ ስሉሰን ላይ ነው። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ በአንድ ወገን ሐይቁን፣ በሌላው ባሕሩን ታያላችሁ፤ ሐይቁ 70 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ጀልባዎች በመካከላቸው የሚያልፉት ውሃው በበር እየተዘጋና እየተከፈተ ነው። ድሮ ይሄ ሐይቅ ራሱ የባሕር ወሽመጥ ነበር። በበረዶ ዘመን በከባድ ግግር ተጭኖ የኖረው መሬት በረዶው ከቀለጠ በኋላ ቀስ በቀስ ሽቅብ መነሳት ጀመረ፣ ዛሬም በዓመት ግማሽ ሳንቲሜትር ገደማ ይነሳል፤ ሜላረን ከባሕሩ የተለየው በዚህ ነው። የከተማው ሰው አሁን የሚጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው።

ከስሉሰን በ82 ቁጥር ጀልባ ወደ ዩርጎርደን ተሻገርኩ። ቱሪስቱ ከፊት ተሰብስቦ ፎቶ ሲያነሳ አንዲት እናት የልጇን ጋሪ ጥግ አስይዛ ስልኳን ትነካካለች፣ አጠገቧ አንድ ሽማግሌ የገበያ ዕቃቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ጋዜጣ ያነባሉ። ለእነሱ አውቶቡስ በሉት። ጀልባው የሚያደርሳችሁ ደሴት ላይ ቫሳ አለ፤ በ1628 በመጀመሪያ ጉዞው ሰጥሞ በ1961 ከባሕር የወጣው የጦር መርከብ። እሱን ሳታዩ እንዳትመለሱ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የወሰደው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ቱነልባና ይሉታል። በ1950 ተከፈተ፣ ዛሬ 100 ጣቢያ አለው፤ መስመሮቹ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ ናቸው። አብዛኞቹ ጣቢያዎች ላይ የሥነ ጥበብ ሥራ አለ። በተለይ በሰማያዊው መስመር ዓለቱን ፈልፍለው ሲያበቁ በሲሚንቶ ሸፍነው ዋሻነቱን እንዳለ ተዉት፣ ከዚያ ሠዓሊዎቹን አስገቡ። ሦስቱ መስመሮች በሚገናኙበት ቴ-ሴንትራለን ነጩ ዋሻ ላይ ሰማያዊ ሐረግና ቅጠል ይወጣል፤ ቀና ስትሉ የሠራተኞች ጥላ ይታያችኋል፣ ጣቢያውን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ከንጉሥ ሥዕል ይልቅ የሠራተኛ ሥዕል! ሱልና ሴንትሩም ላይ ደግሞ ሰማዩ ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ ከሥሩ አረንጓዴ የጥድ ደን ይዘረጋል።

በ10 ቁጥር ባቡር ወደ ዳርቻው ስንሄድ መሀል ከተማ ተሳፍሮ የነበረው ሰው እየወረደ ሌላ ሰው ይሞላል። ሶማልኛ፣ ዓረብኛ፣ ትግርኛ ትሰማላችሁ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ትንሽ አዩኝና «የኔ ልጅ፣ አበሻ ነህ አይደል?» አሉኝ። ሥዕሎቹን ለማየት እንደምዞር ስነግራቸው «እንግዲያው ቴንስታ ውረድ፣ ግድግዳውን እየው» ብለውኝ እሳቸው ሪንከቢ ወረዱ።

ቴንስታ ወረድኩ። ነጩ ዋሻ ላይ አበባና እንስሳት ተስለዋል፣ ሥራው በ1975 የተሠራ ሲሆን ለስደተኞች የተበረከተ ነው። ከሪንከቢ በፊት ባለው ሪስነ ጣቢያ ግድግዳው ላይ የዓለም ታሪክ ከጥንት ሥልጣኔዎች ጀምሮ በቀለም ተጽፏል፤ ልጆች ቦርሳቸውን አዝለው ባቡር ሲጠብቁ ሲያነቡት አይቻለሁ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ቱሪስት እዚህ ድረስ እምብዛም አይመጣም። ሠዓሊዎቹ ግን መሀል ከተማ ላይ የደከሙትን ያህል እዚህም ደክመዋል፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለሾፌሩ፣ ሌሊት ተረኛ ለነበረችው ነርስ። እኔ ከተማን የምመዝነው በዚህ ነው።

ለማንኛውም፣ ኤስካሌተር ላይ በቀኝ ቁሙ፣ ግራው ለሚቸኩል ነው። ከአርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ ባይፈጅም ውድ ነው፣ ፔንደልቶጉም ከዚያ ስትነሱ ተጨማሪ ያስከፍላል። ጊዜ ካላችሁ በ583 አውቶቡስ ሜሽታ ድረስ ሂዱ፣ እዚያ ፔንደልቶጉን ያዙ። በዚያችው ተራ ትኬት መሀል ከተማ ትገባላችሁ።