«ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚል ባቡር አትፈልጉ

ከኒውዮርክ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በባቡር መሄድ ቀላል ነው። ያከበድኩት እኔ ነኝ።

ኒውዮርክ ፔን ስቴሽን አምትራክ፣ የረጅም መንገዱን ባቡር፣ ተሳፈርኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ እየተኛሁ እየነቃሁ ዋሽንግተን፣ ዩኒየን ስቴሽን ወረድኩ። እስከዚህ ሰላም ነው።

የአክስቴ ልጅ በስልክ «ማርክን ያዝ፤ አንድ ፌርማታ ነው» ብሎኛል። አልዋሸም። ማርክ የሜሪላንድ ባቡር ነው፤ ጠዋት ሠራተኛ ያስገባል፣ ማታ ይመልሳል። የብረንስዊክ መስመሩ ከዩኒየን ስቴሽን ሲነሳ መጀመሪያ የሚያገኘው ሲልቨር ስፕሪንግን ነው። የአክስቴ ልጅ ያልነገረኝ ማርክ ሦስት መስመር እንዳለው ነው።

ሰሌዳው ፊት ቆሜ «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚል ፈለግኩ። ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበብኩት። የለም። ለካ ሰሌዳው የሚጽፈው የባቡሩን መጨረሻ ነው፤ የኔ መውረጃ ጉዳዩ አይደለም። የኔው ባቡር «ማርቲንስበርግ» ተብሎ ተጽፏል። ማርቲንስበርግ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ምን ልሠራ ብዬ አለፍኩት። «ባልቲሞር» የሚለውን ሳይ ግን ደስ አለኝ። ባልቲሞር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሜሪላንድ። በቃ! ከቀኑ 11 ሰዓት አልፏል፣ የሥራ መውጫ ነው፤ ሰዉ ሲሮጥ ሻንጣዬን እየጎተትኩ አብሬ ሮጥኩ።

አጠገቤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነበር። አልጠየቅኩትም። ይህን ያህል ዓመት አሜሪካ ኖሬ «ይሄ ባቡር የት ነው የሚሄደው?» ማለት አሳፈረኝ። እስከዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ትኬት ተቆጣጣሪዋ ስልኬን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ ሻንጣዬን። «የሚቀጥለው ላይ ውረድ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ኒው ካሮልተን ወረድኩ። ዙሪያዬን ሳይ ቦታው አዲስ አልሆነብኝም። ከኒውዮርክ ያመጣኝ ባቡር እኮ ከአንድ ሰዓት በፊት እዚሁ ቆሞ ሰው አውርዷል! በመስኮት አይቼዋለሁ።

ከዚያ በሜትሮ፣ በዋሽንግተን የከተማ ባቡር፣ ኦሬንጅ ላይን ይዤ እስከ ሜትሮ ሴንተር፣ እዚያ ወርጄ ወደ ግሌንሞንት የሚሄደውን ሬድ ላይን። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ በሩ ሲከፈት ቀና አልኩ። ዩኒየን ስቴሽን።

የስልካችሁ ካርታ ማርክ ይፈጥናል ይላችኋል። ደቂቃ ለሚቆጥር እውነት ነው። ሻንጣ ለያዘ እንግዳ ግን እኔ ሬድ ላይን ነው የምለው። እዚያው ዩኒየን ስቴሽን ሥር ነው፤ የግሌንሞንቱን ይዛችሁ ስድስተኛው ፌርማታ ላይ መውረድ። ቢያመልጣችሁ ሌላ ይመጣል። የብረንስዊኩ መስመር ቅዳሜና እሁድ ጭራሽ የለም። የአምትራክ ትኬት ደግሞ ሁለቱም ላይ አይሠራም፣ ለየብቻ ነው የሚከፈለው። የግድ ማርክ ካላችሁ የመስመሩን ስምና መጨረሻውን ጣቢያ ቤት ሳላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀት ያልኩት ስልኬ ሊዘጋ 4 ፐርሰንት ቀርቶት ስለነበር ነው።

የአክስቴ ልጅ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ማርኩ ዘገየ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ትንሽ» አልኩት። እስካሁን እውነቱን አያውቅም።