«ሃያ ደቂቃ ስጪኝ»

አገር ቤት መብራት ሲጠፋ የምንወቅሰው አንድ ቤት ነው። መብራት ኃይል ብለን እንገላገላለን። እኔ በምሠራበት በቴክሳስ ግን ማንን እንደምትወቅሱ ግራ ይገባችኋል። የሚያመነጨው ሌላ ነው። በሽቦ የሚያስተላልፈው ሌላ ነው። በየወሩ ቢል የሚልክላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። መሃል ላይ ኤርኮት የሚባል፣ ሥርዓቱን የሚመራ ተቋም አለ። ከግዛቱ የኤሌክትሪክ ጭነት 90 በመቶ ያህሉን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። አንድ ማመንጫ ግን የለውም። አንድ ምሰሶም የለውም። ያለው መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ኮምፒውተርና ስልክ ነው።

እኛ ያለነው በገበያው ወገን ነው። ድርጅታችን የጥቂት ጋዝ ማመንጫዎች ወኪል ሆኖ ከኤርኮት ጋር ይነጋገራል። ዴስካችን ሌት ተቀን ሰው አለበት። እያንዳንዱ ማመንጫ በዚያች ቅጽበት ስንት ሜጋ ዋት መስጠት እንደሚችል የሚናገረው ቁጥር በየጥቂት ሰከንዱ ከእኛ ወደ እነሱ ይሄዳል። የእነሱ ኮምፒውተር በየ5 ደቂቃው ያሰላል። ማን በስንት ዋጋ አቀረበ? መስመሩስ ምን ያህል ይሸከማል? ይህን አይቶ ለእያንዳንዱ ማመንጫ «ይህን ያህል ስጥ» የሚል መመሪያ ይልካል።

ስሌቱ የቱንም ያህል ቢራቀቅ መነሻው እኛ የላክነው ቁጥር ነው። 480 ሜጋ ዋት እንችላለን ካልን፣ 480 አለ ብሎ ያቅዳል። ወያላው «ና፣ ና፣ ና» ሲለው ወደ ኋላ እንደሚነዳ ሹፌር ነው። ጉድጓድ ካለ መናገር ያለበት ወያላው ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023 ላይ ነው። ቴክሳስ የነበረ ሰው ያንን ሙቀት አይረሳውም። በወሩ 10ኛ ቀን የኤሌክትሪክ ፍላጎቱ 85,508 ሜጋ ዋት ደርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ። እኛን የሚያስጨንቀን ግን ቀትሩ አልነበረም። ቀትር ላይ ፀሐይ አለች፤ ከሶላር ብቻ ከ10,000 ሜጋ ዋት በላይ ይመጣል። ጭንቁ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ስትወርድ ሶላሩም አብሯት ይወርዳል። ሙቀቱ ግን ንቅንቅ አይልም፤ የየቤቱ ኤሲ እንደበራ ነው።

ከነዚያ ምሽቶች በአንዱ፣ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ላይ፣ ከአንዱ ማመንጫችን ተደወለ። ጣቢያው ሁለት የጋዝ ተርባይኖች አሉት። ከእነሱ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ሁለት ቦይለሮችን ያፈላል፤ እንፋሎቱ ደግሞ ሦስተኛ ተርባይን ያዞራል። የደወለው የጣቢያው ኦፕሬተር ነው። «ሁለተኛው ቦይለር ውሃ እየበላ ነው» አለ።

የቦይለር ውሃ ተኖ፣ ቀዝቅዞ፣ ተመልሶ ይዞራል። የሚጨመርለት ትንሽ ነው። ከወትሮው በላይ መጠጣት ከጀመረ ውስጥ የሆነ ቦታ ቧንቧ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ያ ደግሞ እየሠራ የሚጠገን ነገር አይደለም። ተርባይኑንም ቦይለሩንም ማቆም ያስፈልጋል። ካቆሙት 480 የነበረው ወደ 230 ይወርዳል።

የፈረቃችን ኃላፊ «እስከ መቼ ታቆየዋለህ?» አለችው።

«ቢበዛ 40 ደቂቃ። ከዚያ በላይ አልደፍርም።»

ከጎኗ የተቀመጠው ነጋዴያችን ሰምቷል። የእሱም ጭንቀት መነገር አለበት። በዚህ ገበያ ዛሬ ማታ የምትሰጡትን ኃይል ብዙ ጊዜ ትናንት ሸጣችሁታል። ሸጣችሁ ካላመነጫችሁ ጉድለቱን በሰዓቱ ዋጋ ገዝታችሁ ትሞላላችሁ። የሰዓቱ ዋጋ ጣሪያ ያኔ በሜጋ ዋት ሰዓት 5,000 ዶላር ነበር። የጎደለን 250 ሜጋ ዋት ነው። ዋጋው 2,000 እንኳ ቢደርስ የአንድ ሰዓቱ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ነው። ማመንጫው እንደሚቀንስ ኤርኮት ካወቀ ስሌቱ ይጠብባል፤ ዋጋውም ሽቅብ ይሄዳል። ዜናው ሳይወጣ ግን ከሌሎች ድርጅቶች በስልክ ረከስ አድርጎ መግዛት ይቻላል።

«ሃያ ደቂቃ ስጪኝ» አላት። «ሃያ ደቂቃ ብቻ። ማሽኑ ገና እየሠራ አይደል እንዴ? የሚሰጠውን እየሰጠ ነው፤ ውሸት አልተናገርንም።»

ክፉ ሰው አይደለም። የተቀጠረው ድርጅቱ እንዳይከስር ነው። ያለው ነገር ሲሰሙትም ምክንያታዊ ይመስላል።

እሷ ወደ እሱ ሳትዞር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «መጠባበቂያው ለመነሳት ስንት ደቂቃ ይፈልጋል?»

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኤርኮት ከሚገዛቸው የመጠባበቂያ ዓይነቶች አንዱ የቆሙ ማመንጫዎችንም የሚያካትት ነው። ተጠሩ ሲባሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ ኃይል መስጠት አለባቸው። ከ40 ደቂቃ 20ውን ለነጋዴው ብትሰጠው ለኤርኮት የሚቀረው 20 ነው። 30 የሚፈልግ ማሽን በ20 ደቂቃ አይነሳም። ሥርዓቱ 250 ሜጋ ዋት የሚያጣው ደግሞ ሶላሩ በሚወርድባት በዚያችው ሰዓት ነው።

ነጋዴው ዝም አለ። እሷ ስልኩን አነሳች።

አነጋገሯን አሁንም ልብ ብዬ አስታውሰዋለሁ። ሰላምታ አላበዛችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም። የድርጅቱን ስም፣ የራሷን ስም፣ የማመንጫውን ስም ተናገረች።

«የቦይለር ቧንቧ ፍንጥቅ አለ። አሁን 480 እየሰጠ ነው። ከ1 ሰዓት ከ55 ጀምሮ ከፍተኛው 230 ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ ዜሮ። ዛሬ ማታ አይመለስም።»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ደገመው። «ከ1 ሰዓት ከ55 ጀምሮ 230። ሁለት፣ ሦስት፣ ዜሮ። ዛሬ አይመለስም።»

«ልክ ነው።»

ይኸው ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይደግማል፣ የመጀመሪያው ያረጋግጣል። ኤርኮት በቃል ትእዛዝ ሲሰጥም እንደዚሁ ነው፤ ያኔ ደግመን የምንናገረው እኛ ነን። ለአዲስ ገቢ ሥልጠና ስሰጥ «እንደ ሕፃን ለምን እንደጋግማለን?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ኦንታርዮ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ጨለማ ውስጥ የገባበትን ቀን እነግረዋለሁ። ኦሃዮ ውስጥ አንድ መቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያ ሲስተሙ ሞቶ ሰዎቹ አላወቁም ነበር። ከውጭ እየደወሉ መስመር እየወደቀ ነው የሚሏቸው ነበሩ። ወሬው ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ ግን በጊዜ አልተጨበጠም። ከዚያ አደጋ በኋላ ነው የመቆጣጠሪያ ክፍሎች አነጋገር እንዲጠብቅ የተወሰነው።

ወደ ምሽቱ ልመለስ። ከጥሪው በኋላ ብዙም ሳይቆይ የመጠባበቂያ ጥሪ በስክሪናችን ወጣ። በእኛ ምክንያት ብቻ ነው ልል አልችልም፤ ኤርኮት የሚያየው የእኛን ማመንጫ ብቻ አይደለም። ግን 1 ሰዓት ከ55 ሆኖ ተርባይኑ ሲቆም ሌሎች ማሽኖች ተነስተው ነበር። የሥርዓቱ ድግግሞሽ፣ ማለትም የሚመነጨው ከሚፈለገው ሲያንስ የሚወርደው የኤሌክትሪኩ ምት፣ መደበኛው 60 ኸርዝ አካባቢ እንደዋለ አመሸ። የማንም ኤሲ አልጠፋም። እኛ ግን ከሰርን። ዋጋው ወጣ፣ ጉድለቱን ገዛን፣ ቁጥሩም ያማል።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ከአለቆች አንዱ «ሃያ ደቂቃ መጠበቅ አይቻልም ነበር?» አለ። ደንቡን ልትጠቅስለት ትችል ነበር። አቅም ሲለወጥ ወዲያው አሳውቁ ይላል፤ ማዘግየት ያስቀጣል። እሷ ግን ሌላ ነገር አነሳች፤ ፌብሩዋሪ 2021ን።

ያንን ብርድ ሁላችንም አንረሳውም። የፌብሩዋሪ 15 ሌሊት፣ 7 ሰዓት ከ55 ገደማ፣ ድግግሞሹ እስከ 59.302 ኸርዝ ወርዶ ነበር። ከ59.4 በታች የቆየው ለ4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ነው። 9 ደቂቃ ቢሞላ ማመንጫዎች ራሳቸውን ለማዳን ከመረቡ መውጣት ይጀምሩ ነበር። ያኔ መላው ሥርዓት ሊወድቅ ይችላል፤ ለማንሳትም ሳምንታት ሊፈጅ ይችል ነበር። ግዛቱ በኋላ 246 ሰዎች በዚያ ብርድ ምክንያት እንደሞቱ መዝግቧል።

ዋናው ምክንያት በብርዱ የተያዙ ማመንጫዎችና የጋዝ እጥረት ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እሷ ያነሳችው አንድ ፎርም ነበር። ለማመንጫዎች ጋዝ የሚልኩ ብዙ ጣቢያዎች «መብራት ሊቆረጥብን የማይገባ ነን» የሚለውን ፎርም ሞልተው አላስገቡም። ስለዚህ ኤርኮት ጭነት ቀንሱ ብሎ ሲያዝ የመስመሩ ድርጅቶች የእነዚህንም መብራት ቆረጡ። ጋዙ ቀነሰ። በጋዙ ማነስ ሌሎች ማመንጫዎች ወደቁ። «የቆረጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም» አለች። «የነገራቸው ሰው አልነበረም።»

ክፍሉ ውስጥ የተከራከራት አልነበረም።

ይህን ስጽፍ አገር ቤት ያሉ የሙያ ጓደኞቼን እያሰብኩ ነው። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2022 ጀምሮ ኃይል እየሸጠ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ዋና መሥሪያ ቤትም አዲስ አበባ ነው። ሻጭና ገዢ በበዙ ቁጥር አንዱ የሌላውን ጓዳ የማያይበት ሰዓት ይበዛል። መስመርና ትራንስፎርመር በገንዘብ ይገዛል። «ማሽኔ ታሟል» ብሎ ከመክሰሩ በፊት የሚደውል ሰው ግን በጨረታ አይመጣም፤ እንዲደውል ማለማመድ ነው እንጂ። እባካችሁ ገበያው ሳይደራ ከአሁኑ ጀምሩት።

በእኛ ቤት አንድ ነገር ተለወጠ። በፊት ጣቢያዎቹ ሲደውሉ የዴስካችን ኦፕሬተርም ነጋዴውም እኩል ይሰሙ ነበር። አሁን አቅም የሚቀንስ ዜና መጀመሪያ የሚደርሰው ኦፕሬተሩ ጋ ነው። ቀጥሎ ኤርኮት ያውቃል። ነጋዴው ሦስተኛ ነው። ቁጥሩ እርግጠኛ ባይሆንም ይደወላል፤ ቆይቶ ይታረማል። ይህን መመሪያ ረቂቁን የጻፈው ሃያ ደቂቃ የጠየቀው ነጋዴ ራሱ ነው። ማንም አላዘዘውም።

ብዙም ሳይቆይ ሴፕቴምበር 6 መጣ። ኤርኮት ከፌብሩዋሪ 2021 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ25 እስከ 2 ሰዓት ከ37 ቆየ። በትእዛዝ የተቆረጠ የቤት መብራት አልነበረም። በዚያው መሃል ከጣቢያዎቻችን አንዱ በሙቀቱ ምክንያት 15 ሜጋ ዋት እንደሚቀንስ ደወለ። ትንሽ ናት፤ በዋጋው ግን ትንሽ አልነበረችም። ኃላፊያችን ለኤርኮት ስትደውል ነጋዴው ከጎኗ ቆሞ አዲሱን ቁጥር ከስክሪኑ ላይ ያነብላት ነበር።